ለእማዬ፣ ስለ ጋሼ

እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? "ደህና ነኝ" ብለሽ እንዳታልፊኝ፤ ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፍሽ እንደምትወጪ ወንድሜ ነግሮኛል።

ምልክት ቋንቋ ያስተማሩንና ያስተረጎሙልን የጋሼ መታሰቢያ ዝግጅት እንዳለቀ በቪዲዮ ስደውልልሽ ምስሉ እየቆመ አስቸገረ፤ አንቺም ስታለቅሺ መነጽርሽ እየደበዘዘብሽ እጄን ማየት አቃተሽ። "ተይው፤ ጻፊልኝ። ማን እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳለ ከሥሩ ጻፊልኝ" አልሽኝ። ይኸው። ለዓይንሽ እንዲመች ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ በዝቷል፤ በአንድ ቁጭታ ካልጨረስኩ ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። ሌላም ነገር አለ። ጋሼ ያን ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ለምን እንደዚያ እንደተቆጡ ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠይቂ ኖረሻል። እሱንም አውቄ መጥቻለሁ። ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ፤ ገጽ እየዘለልሽ እንዳትፈልጊው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያስተማሯቸው ልጆች የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጥተዋል። ካንቺ ጋር ይማሩ ከነበሩት እናቶች ጥቂቶቹን አየሁ፤ አንደኛዋ፣ ያቺ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጣ የምትስቀው፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። "እናትሽስ?" አለችኝ በምልክት። እጇ አልተረሳባትም እኮ! ትንሽ ዘገም ይላል እንጂ ጥርት ያለ ነው። የማናውቃቸውም ብዙ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ያስተረጎሙላቸው፣ ምጥ ላይ ሆነው አጠገባቸው የቆሙላቸው፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አብረዋቸው የሄዱ።

ገና ከመጀመሩ የሆነውን ልንገርሽና ትንሽ ሳቂ። አዘጋጆቹ ሻማ እናብራ ብለው የአዳራሹን መብራት ድርግም አደረጉት። መስማት የተሳነው ሰው በሞላበት ቤት መብራት ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። የሁላችንም ወሬ እኩል ላይ ተቆረጠ። ወዲያው ስልኮች እዚህም እዚያም ቦግ ቦግ ማለት ጀመሩ፤ ከፊቴ የነበረው ልጅ በአንድ እጁ ስልኩን ሌላኛው እጁ ላይ እያበራ "አብሩልን እንጂ!" ይላል። ሻማው ቀርቶ መብራቱ ተመለሰ። ጋሼ ቢኖሩ ከሁሉም ንግግር ይልቅ ይቺን ነበር የሚወዷት።

ከዚያ በፊት ስንነጋገርበት የሰነበትነው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ለአስተርጓሚው መታሰቢያ ማን ያስተርጉም? ሁለት ተማሪዎቻቸው ተነሡ። በየ20 ደቂቃው እየተቀያየሩ ሠሩ፤ ጋሼ እንዳስተማሯቸው። ትዝ ይልሻል፣ "ለምን ሁለት ሰው ይከፈላል? አንዱ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው" ብሎ የተከራከራቸው ሰው? ቁጭ ያለው አርፎ አይደለም። ያመለጠ ስም ያቀብላል፣ ቁጥር ያርማል፣ ተራው ሲደርስ ከየት እንደሚነሣ ይከታተላል። ሳያርፍ የሚያስተረጉም ሰው ድካሙ እጁ ላይ ከመታየቱ በፊት ትርጉሙ ላይ ይታያል፤ ስሕተቱ እየበዛ ሲሄድ ራሱ እንኳ ልብ አይለውም። ጋሼ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በእኛ ጊዜ ብቻቸውን ግማሽ ቀን ቆመው ያስተረጉሙ ነበር፤ ማታ ማታ አንጓቸውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ እንደሚነክሩ ያወቅነው በኋላ ነው። የአስተርጓሚዎች የሙያ ሕመም ነው ይኼ፤ አንጓና ትከሻ።

አሁን የተናደድኩበትን ልጻፍልሽ። አንድ ትልቅ እንግዳ መድረክ ላይ ወጥተው "እኚህ ሰው ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ነበሩ" አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኛ በምልክት የምንነጋገረው ግን እንደ ጭብጨባችን እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን አላውለበለብንም። ክፉ አስበው እንዳልተናገሩት አውቃለሁ። ነገር ግን ጋሼ ይህን ሲሏቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚኮሳተር አንቺም አይተሻል። ለእኛ ተናግረውልን አያውቁም እኮ። እኛ እንናገራለን፤ እሳቸው ያደርሳሉ። የኔን ነገር አሳምረው አያውቁም፤ ስሳደብ ስድቤን፣ ስንተባተብ መንተባተቤን ነው ያደረሱት።

ሆዴን ያመመኝን ጊዜ አስታውሺ። ሐኪሙ እኔን ትቶ ጋሼን እያየ "መቼ እንደጀመራት ጠይቋት" አለ። ጋሼ ቃል ሳያጎድሉ "መቼ እንደጀመራት ጠይቋት" ብለው በምልክት አስተላለፉልኝ። እኔ ደግሞ ያኔ ጉርምስናዬ ነው፤ "ማንን ነው የምትጠይቀው? እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ" አልኩት። ጋሼ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው "ማንን ነው የምትጠይቀው? እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ" አሉ። ሐኪሙ ግራ ገባው። ይሄኔ አንቺ ጣልቃ ገብተሽ "ከትናንት ወዲያ ነው የጀመራት" ስትዪ እሱንም አስተላለፉልኝ። እኔም፣ "እማዬ፣ ሆዱ የኔ ነው!" አልኩ። ሽበታቸው ገጭ ያለው ሰውዬ አንቺን ሳያዩ፣ ሐኪሙን እያዩ፣ "እማዬ፣ ሆዱ የኔ ነው!" አሉ። ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ዓይኔን እያየ ነው ያነጋገረኝ።

ቤት ስንገባ ግን ቅር ብሎሽ ነበር። "ለምን ከእኛ ወገን ሳይሆን ከሐኪሙ ጎን ቆሙ?" አልሽ። ጋሼ የቆሙት እኔ የሐኪሙን ፊትና የእሳቸውን እጅ በአንድ ጊዜ እንዳይ ብለው ነበር። ከእኔ አጠገብ ቢሆኑ አንገቴ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውል ነበር። በዚያ ክፍል የተሰማው ሁሉ ደግሞ ለእኔ ይደርስ ነበር፤ የሐኪሙ ስልክ መጥራቱ፣ በሩ ላይ አንዷ "ይቺ ልጅ ዲዳ ናት?" ማለቷ ሳይቀር። አንቺ "ይህንን ባይነግሯት ምናለ?" ብለሽ ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ከሰው እኩል ሆኜ ተቀምጬ አላውቅም። የሚሰማ ሰው ክፉውንም ደጉንም ሰምቶ ራሱ ይፈርዳል፤ እኔም መፍረድ ነበረብኝ።

ከእሳቸው በፊት የነበረውን ጊዜ መጻፍ አልወድም፤ ቢሆንም ሳልነካው አላልፍም። "ምልክት ካስተማርሻት መናገር ትሰንፋለች" ብለው መክረውሽ፣ መስታወት ፊት አስቀምጠሽኝ፣ እጄን ጉሮሮሽ ላይ አድርገሽ ፓ፣ ባ፣ ማ ስታስጠኚኝ የዋልሽበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ሦስቱም ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። የትኛውን እንዳልሽ ለማወቅ ፊትሽን እመረምር ነበር፤ ካልተሳሳትኩ ፈገግ ትያለሽ፣ ከተሳሳትኩ ትተነፍሻለሽ። ያንቺን ፊት ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው፤ ከፊደሉ ግን ብዙም አልቀረልኝም። አልወቅስሽም። የነገሩሽን ነው ያደረግሽው፤ የነገሩሽም ሰዎች የተነገራቸውን ነው የደገሙት።

ጋሼ ለወላጆች በከፈቱት የማታ ትምህርት የመጀመሪያው ቀን ምልክት አላስተማሯችሁም፤ ታሪክ ነው የነገሯችሁ። አንቺ ነሽ እየደጋገምሽ የነገርሽኝ። በ1880 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ሚላኖ ላይ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ጉዳይ ጉባኤ ተቀምጦ "ልጆቹ በንግግር ብቻ ይማሩ" ብሎ ወሰነ። ከ164 ተሰብሳቢዎች ውስጥ መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ምልክት ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራን ሥራቸውን አጡ፤ በምልክት ሲነጋገሩ የተያዙ ልጆች እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረጉ። ሌሎቹ ወላጆች ዝም ሲሉ አንቺ እጅሽን አውጥተሽ "ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም?" አልሽ። ጋሼ ይህችን ጥያቄሽን በየዓመቱ ለአዲስ ወላጆች ይነግሩ እንደነበር ታውቂያለሽ? "አንዲት እናት ጠይቃኛለች" እያሉ። አንዷ ተማሪያቸው መድረክ ላይ ስታወራው "የኔ እናት ናት!" ልል እጄን አንሥቼ መለስኩት።

በ2010 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ የተቀመጠው ተከታይ ጉባኤ የሚላኖውን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ በደረሰው ጉዳት መጸጸቱን ሲገልጽ፣ ጋሼ ዜናውን በወረቀት አትመው ቤታችን ድረስ ይዘውልሽ መጡ። 130 ዓመት! አንቺ አንብበሽ ስትጨርሺ "አሁንስ ልጆቹን ጠየቋቸው?" አልሽ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደግሞ ንግግርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ በመታሰቢያው ላይ ተዛብቶ ስለቀረበ ነው የማነሣው። የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቅመው ልጅ ካለ ያድርግ፣ መናገር የሚሆንለት ይናገር ይሉ ነበር። አንገታቸውን የሚሰጡለት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ በሕፃንነቱ ያለ ቋንቋ አይክረም። የአንጎል የቋንቋ ጊዜ አይጠብቅም። ምልክት ደግሞ ለዓይን ወለል ብሎ የሚታይ ስለሆነ ጆሮው እስኪታከም፣ ምላሱ እስኪፈታ ድረስ ልጁን ባዶ አያስቀምጠውም፤ ንግግርንም አያስቀርበትም። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ስለዚህ ጋሼ ከልጆቹ ይልቅ የሚያሳድዱት እናንተን ነበር። "ልጆቹ እርስ በርስ ይማማራሉ፤ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን ማን ያወራቸዋል?" ይሉ ነበር።

አንቺ ታዲያ ምን ዓይነት ተማሪ ነበርሽ! ክፍል ውስጥ መናገር ክልክል፤ በሩ ላይ ድምፅሽን ትተሽ ትገቢያለሽ። ጣትሽ ቶሎ ፈታ አለ፤ የተቸገርሽው በፊትሽ ነው። እናትሽ "ሴት ልጅ ፊቷን ሰብሰብ ታድርግ" ብለው አሳድገውሻል፤ ጋሼ ደግሞ ቅንድብ ሰዋስው ነው ይሉሻል። ቅንድብ ካልተነሣ "መጣሽ?" የሚለው ጥያቄ "መጣሽ" ሆኖ ይቀራል። ጉንጭ፣ አፍ፣ የትከሻ ዘንበል ማለት፣ ሁሉም ሥራ አለው። ያቺ የፈረደባት መስታወት እንደገና ሥራ አገኘች፤ አሁን ግን ቅንድብሽን እያነሣሽ የምትቀመጪው አንቺ ነበርሽ። መጀመሪያ ሰሞን "ራበሽ?" ስትዪኝ የተቆጣሽ ይመስለኝና እደነግጥ ነበር።

የጣት ፊደሉንማ ከሁላችንም በልጠሽ ነበር። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ ቅርጾቹን ያወቀ ሰው ሰባቱን እንቅስቃሴ ብቻ ጨምሮ ፊደሉን በሙሉ ይጽፋል። ሌሊት ብርድ ልብሱ ላይ ሀ ሁ ሂ ስትጽፊ አባባ "እጅሽ ተኝቶ አያድርም እንዴ?" ይልሽ ነበር አሉ። ነፍሱን ይማረው፤ እሱ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአሥር ምልክት ነበር፤ ግን አሥሩም የሚያስቁ ነበሩ።

የምልክት ስምሽን፣ በእጅ የምንጠራሽበትን፣ ያወጡልሽ ልጆቹ ናቸው፤ መነጽር ወደ ላይ ገፋ ማድረግ። ጋሼን "እርስዎ ያውጡልኝ" ብለሽ ብትለምኛቸው እምቢ አሉሽ። እሳቸው ከመስማት ከተሳናቸው እናትና አባት ተወልደው፣ ከአፋቸው በፊት በእጃቸው ተናግረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ስም የማውጣት መብት የእኔ አይደለም፣ የልጆቹ ነው አሉ። የእሳቸው ስም የላይኛውን ቁልፍ መቆለፍ ነው። ያ ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚዘጋ ወጥ ጥቁር ሸሚዝ! እኔ ድሮ ልብስ የሌላቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ አስተርጓሚ እጁ ጎልቶ እንዲታይ ከቆዳው ቀለም የሚለይ፣ አበባም መስመርም የሌለው ልብስ ይለብሳል። በመታሰቢያው ላይ የመጡት አስተርጓሚዎች ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነበር፤ ለሐዘን ይሁን ለሥራ መለየት አልቻልኩም።

ከታሪክ ሁሉ የሚወዱትን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የመርከቡን። ሎራን ክሌር የሚባል መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር በ1816 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጋሎዴት ከሚባል የሚሰማ አሜሪካዊ ጋር ከፈረንሳይ ተነሥቶ አሜሪካ ገባ። 52 ቀን ባሕር ላይ ነበሩ። ክሌር ለጋሎዴት ምልክት ያስተምራል፤ ጋሎዴት ለክሌር እንግሊዝኛ ያስተምራል። በዓመቱ፣ በ1817፣ ሃርትፎርድ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ወደ መጨረሻው አይቸኩሉም፤ ትምህርት ቤቱን በአንድ ቃል ያልፉትና መርከቡ ላይ ይቆያሉ። ማዕበሉን ያሳያሉ፣ ሁለቱ ሰዎች በየተራ መምህርና ተማሪ ሲሆኑ ያሳያሉ፣ አንዱ ሌላውን ሲያርም ያሳያሉ። ክሌርን ሆነው ጋሎዴት ላይ ዓይናቸውን ሲያጉረጠርጡ ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ራሳቸውም እንደዚያ ነበሩ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር፣ ኮምፒውተር በለው፣ ኢንተርኔት በለው፣ ምልክት አይፈጥሩልንም ነበር። ደብተራቸውን ይዘው ከኋላ ይቀመጡና እኛ ስንነጋገር ይጠብቃሉ። እኛ ተጨቃጭቀን አንዱ ምልክት ሲያሸንፍ እሱን ይጽፋሉ። በስብሰባ ተቀምጠው የምልክት ዝርዝር የሚያወጡ የሚሰሙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ዝርዝሩ በሚያምር ወረቀት ይታተማል፣ ማንም አይጠቀምበትም። ጋሼ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሊያስተምሩን መጥተው ሲጠይቁን የሚውሉ ሰው ነበሩ።

አሁን ወዳቆየሁልሽ ነገር ልምጣ።

ወንድሜ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖት፣ የእኔ የክፍል ኃላፊ የጠራን ቀን። ጋሼ መንገድ ላይ ዘገዩ፤ ሰውየው ደግሞ ቸኩሏል። አንቺ "ወንድሟ ይነግራታል" ብለሽ ልጁን መሐል አስቀመጥሽው። ሰውየው ክፍል እንደምደግም ይናገራል፤ ወንድሜ እኔን ያያል፣ አንቺን ያያል፣ እጁ ይነሣና ይወርዳል። ጋሼ እዚህ ላይ ደረሱ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይህ ልጅ ወንድሟ ነው! አስተርጓሚዋ አይደለም! ይውጣ፣ ኳሱን ይጫወት!" አሉ። ጠረጴዛ መቱ አልሽኝ፤ እኔም ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል። ልጁን እጁን ይዘው ራሳቸው አስወጡት። ያ ሁሉ ትሕትና ያላቸው ሰው በአንቺ ላይ! "ምን አጠፋሁ? ሌላ ሰው አልነበረኝ" ብለሽ ሳምንት ሙሉ ከፋሽ። እሳቸውም ይቅርታ ጠየቁሽ፣ ምክንያቱን ግን አልነገሩሽም።

በመታሰቢያው ላይ የተናገሩት ታናሽ እኅታቸው ናቸው የነገሩን። ጋሼ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ አባታቸው ታመሙ። ሐኪም ዘንድ ይዘዋቸው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ትልቅ ልጅ እሳቸው ብቻ ነበሩና። አንድ ቀን ሐኪሙ ለልጁ "ለአባትህ ንገረው፤ ከዚህ በኋላ የምናደርግለት ነገር የለም" አለ። ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። "ትድናለህ ይላል" አለ በምልክት።

ይህ ሲነገር እያስተረጎመች የነበረችው ልጅ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጓደኛዋ ተራው ሳይደርስ፣ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ቦታዋን ያዘ፤ አንድ ቃል አልወደቀም።

እኅታቸው ቀጠሉ። አባትየው ለካ የሐኪሙን ፊት አይተው ገብቷቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ፊት ሲያነብ ለኖረ ሰው ያ አይሰወረውም። ልጃቸውን ግን "እሺ፣ ተመስገን" ብለው ራሱን ዳበሱት። ማታ ለሚስታቸው "አውቄያለሁ፤ ልጁ ግን እንዳመንኩት ይምሰለው" አሏት። ጋሼ ይህንን ያወቁት እናታቸው በስተርጅና ሲነግሯቸው ነው፤ ያኔ አስተርጓሚ ከሆኑ ዓመታት አልፈው ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አባቴን ዋሽቼ ነው የቀበርኩት ብለው ነው የኖሩት።

እማዬ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት ያንቺን ሳምንት ነው። ያ ቁጣ ባንቺ ላይ አልነበረም። "ምንም አልጨምርም፣ ምንም አልቀንስም" የሚሉት ነገርም ከሙያ መመሪያ ብቻ የመጣ አይመስለኝም አሁን። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ ለእኔ አስተርጉሞ አያውቅም። ተጣልተን እናውቃለን፣ ተሳስቀን እናውቃለን፣ ሰው ሲሰድበኝ ሄዶ ተደባድቦ ያውቃል፤ ክፉ ወሬ ግን በእሱ እጅ ደርሶኝ አያውቅም። ይህን ጻፊለት ብዬ አልነግርሽም፤ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ራሱ ያንብበው።

ከእሳቸው ኪስ የማይጠፋውን የታጠፈ ወረቀት ደግሞ እኅታቸው አሳዩን። "አንተ ምኗ ነህ? ዘመድ ነህ?" በተባሉ ቁጥር አውጥተው የሚያነቡት፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2006 እ.ኤ.አ. ካጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 9፣ ባለሙያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲኖር የሚለውን በእጃቸው የገለበጡት። እጥፋቱ ላይ ተበልቶ በፕላስተር ተለጥፏል። ምንም ያህል ቢያስተርጉሙ ያቺን ወረቀት አውጥተው ከማሳየት አላረፉም።

ሥራ አለብን። ደብተሮቻቸውን እኅታቸው ለእኛ ሰጡን፤ ምልክቶቹን በቃልና በትንንሽ ሥዕል ነው ያስቀመጧቸው። "ቀኝ እጅ፣ አራት ጣት፣ ከአገጭ ወደ ፊት ሁለቴ" ይላል፤ እንዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት፣ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ከወረቀቱ አይገባም። የዛሬ ልጆች ብዙዎቹን አይጠቀሙባቸውም፤ እኔም የረሳኋቸው አሉ። ከእሳቸው እጅ በቀጥታ የተማረ፣ ያኔ ትልቅ የነበረና ልብ ብሎ የያዘ ሰው ያስፈልገናል። ያቺ በምርኩዝ የመጣችው ጓደኛሽ ተስማምታለች። ያንቺን ስም ደግሞ ሳልጠይቅሽ ጽፌዋለሁ።

ወንድሜ ካሜራ ይዞ ይመጣል፤ እኔም አብሬው እመጣለሁ። መስኮቱ ከኋላሽ እንዳይሆን፣ ፊትሽ ይጨልማል፤ ፊት ለፊትሽ ይሁን። ያንን አበባ አበባ ያለውን ሸሚዝ እንዳትለብሺ። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው እንጂ የእጅ ማሳረፊያ አይኑረው፣ ክንድሽን ይይዘዋል። በየ20 ደቂቃው እናርፋለን፤ "አልደከመኝም" ብትዪም እናርፋለን።

እስከዚያ አንድ ነገር አስቢልኝ። ደብተሩ ላይ "ጎረቤት" ለሚለው ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱን ሠርዘውታል፣ ሌላውን ትተውታል። እኔ የተሠረዘውን ነው የማስታውሰው፤ አንቺም ከበር ላይ ሆነሽ ስለ ጎረቤታችን ስታወሪኝ እሱን ነበር የምታሳዪኝ ይመስለኛል፤ ሁለቱን እጅ ጎን ለጎን አድርጎ አንዱን ጠጋ ማድረግ። ጓደኛሽ ግን "እሱ 'ዘመድ' ነው" ብላ ድርቅ አለች። ማታ በቪዲዮ አሳዪኝ፤ መብራቱን ግን አብሪው።

ልጅሽ